ካንሰሩ ገና ሳይደርስ፦ የፕሮስቴት ዕጢ ጎረቤት ሊምፍ ኖዶችን እንዴት ይለውጣል?

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችሁ መግባት ስትችሉ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ ሥራዬ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ከታማሚ የተወሰደ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይመጣልኛል። አይቼ ያየሁትን እጽፋለሁ። ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ሲሆን ብዙ ጊዜ በዙሪያው ያሉ ሊምፍ ኖዶችም አብረው ይመጣሉ። አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ካንሰር ካለበት «አለ» እላለሁ። ከሌለበት «ነጻ ነው» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ «ነጻ ነው» ስለሚለው ቃል ነው። ለዓመታት ብዙም ሳላስብበት የጻፍኩት ቃል ነው። ሐሳብ ውስጥ የከተተኝ ደግሞ እንስሳት ላይ የተሠራ ጥናት ነው።

መጀመሪያ ሊምፍ ኖድ ምን እንደሆነ እንግባባ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጉሮሯችሁ ሲታመም አንገታችሁ ላይ፣ እግራችሁ ሲቆስል ብሽሽታችሁ ላይ አብጦ የሚዳሰሰው እሱ ነው። ያን ጊዜ «ንፍፊት ወጣብኝ» እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ንፍፊቱ ድንገት የወጣ አይደለም። ድሮም እዚያው ነበር። ሥራ ሲበዛበት ነው ያበጠው። በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሊምፍ ኖዶች አሉ።

ከደም ሥር እየወጣ በሴሎች መካከል የሚጠራቀም ፈሳሽ አለ። በቀጫጭን ቧንቧዎች ይሰበሰባል፤ ሊምፍ ይባላል። መንገድ ላይ በሊምፍ ኖዶች ውስጥ ያልፋል። መጨረሻ ላይ አንገት ሥር ካሉ ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች ጋር ተገናኝቶ ወደ ደም ይመለሳል። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች፣ የሽንት ቧንቧውን ከቦ የተቀመጠ የወንዶች አካል ነው። የእሱ ሊምፍ የሚፈሰው በዳሌ ውስጥ፣ በትልልቆቹ የደም ሥሮች ዳር ወደተደረደሩት ሊምፍ ኖዶች ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ከቦታው ሲወጣ ከአጥንት ጋር በብዛት የሚገኘው እነሱ ውስጥ ነው። ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች ይህ ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል። በዚያው ዓመት ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በእሱ ሞተዋል።

እኔ ስማር የተነገረኝ ታሪክ ቀላል ነበር። ሊምፍ ኖድ ወንፊት ነው። ካንሰሩ ሲያድግ ሴሎች ከዕጢው፣ ማለትም ከካንሰሩ እብጠት፣ ይላቀቃሉ፣ በሊምፍ ይወሰዳሉ፣ ወንፊቱ ላይ ይያዛሉ፣ እዚያ ይራባሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊምፍ ኖዱ የሚሠራው ነገር የለም። ቁጭ ብሎ እስኪደርስበት ይጠብቃል። ካንሰር ሴል ከሌለበት ደግሞ ምንም አልሆነም ማለት ነው። «ነጻ ነው»።

ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ዕጢው አንድም ሴል ሳይልክ ሊምፍ ኖዱን መለወጥ ይጀምራል።

ይህን ለመረዳት አንድ ሊምፍ ኖድ ከመሐል ተቆርጦ ማየት ያስፈልጋል። ላሳያችሁ። ጥቅጥቅ ያለ ሐምራዊ ነገር ይታያችኋል። ሐምራዊ ያደረገው ቀለሙን የጠጣው የነጭ ደም ሴሎች ኒውክሊየስ ነው። ዙሪያውን ቀጭን ሮዝ ሽፋን አለው። አሁን ከሽፋኑ ሥር ተመልከቱ። ገርጣ ያለ ጠባብ ክፍተት ጠርዙን ይዞ ይዞራል። ሊምፉ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈሰው እዚያ ነው። በክፍተቱ ውስጥና በግድግዳው ላይ ትልልቅ ሴሎች ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን ወደ ፈሳሹ የዘረጉ ይመስላሉ። ማክሮፌጅ ይባላሉ። የሚያልፈውን ይይዛሉ፤ ቫይረስም ይሁን ባክቴሪያ ወይም የሞተ ሴል ቁራጭ። ከያዙ በኋላ ዝም አይሉም። ከኋላቸው ላሉት የመከላከያ ሴሎች ያሳያሉ። «ይሄ መጥቷል፣ እወቁት» እንደማለት ነው። ላያቸው ላይ ሲዲ169 የሚባል ፕሮቲን ስላላቸው በልዩ ቀለም ለይቶ መቁጠር ይቻላል።

በረኞች ብዬ ልጥራቸው። ዛሬ ደጋግሜ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ እንስሳቱ እንሂድ። ለምን እንስሳ አስፈለገ? ሰው ላይ ትልቁ ችግር ጊዜው ነው። የአንድን ሰው ሊምፍ ኖድ የማየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የወጣ ቀን። ካንሰሩ መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ከወር በፊት ሊምፍ ኖዱ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ባይወጣ ኖሮ ካንሰሩ ይደርስበት ነበር ወይ? እሱንም አላውቅም። እንስሳ ላይ ግን ካንሰሩ የገባበት ቀን ይታወቃል። በሳምንቱ ማየት ይቻላል፣ በሁለተኛው ሳምንት ማየት ይቻላል። ካንሰር ሴል ገና ያልደረሰበትን ሊምፍ ኖድ፣ ሊደርስበት እንደሆነ አውቆ መመርመር የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው።

ችግሩ አይጦች በራሳቸው የፕሮስቴት ካንሰር አይዛቸውም ማለት ይቻላል። የአይጥ ፕሮስቴት በተለያዩ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ የሰው ግን አንድ ወጥ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ካንሰሩን በሆነ መንገድ ማምጣት ነበረባቸው። መንገዱ ደግሞ የሚታየውን ነገር ይወስናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ስለሆነ ነው።

አንዱ መንገድ የሰው ካንሰር ሴል ወስዶ አይጥ ውስጥ መትከል ነው። በላብራቶሪ በጣም ከሚታወቁት የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች አንዱ ኤልኤንካፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተገኘው ከአንድ የ50 ዓመት ሰው ሊምፍ ኖድ ነው፤ ከግራ አንገቱ ሥር፣ ከአጥንቱ በላይ ካለው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ የሊምፍ ኖድ የፕሮስቴት ካንሰር እንደማለት ነው። ሌላው ፒሲ-3 የሚባለው ደግሞ አጥንት ላይ ከደረሰ ካንሰር የተወሰደ ነው። እነዚህ ሴሎች ብዙ አስተምረውናል። ግን የሰው ሴል ጤነኛ አይጥ ውስጥ ሲገባ የአይጡ መከላከያ ያጠፋዋል። ስለዚህ መከላከያቸው የተጓደለ አይጦች ያስፈልጋሉ። ለምሳሌ ቲ-ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሌሏቸው፣ ጸጉር አልባ አይጦች። እንግዲህ አስቡት። ሊምፍ ኖድ የመከላከያ ቤት ነው። መከላከያው የጎደለበት እንስሳ ላይ የሊምፍ ኖድን ምላሽ ማጥናት፣ ሰዎቹ የወጡበትን ቤት ገብቶ ስለ ቤተሰቡ እንደመጠየቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጂን መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኖርማን ግሪንበርግና ባልደረቦቹ ትራምፕ የሚባለውን የአይጥ ዝርያ ይፋ አደረጉ። ከአንድ ቫይረስ የተወሰደ ካንሰር አምጪ ጂን በፕሮስቴት ውስጥ ብቻ እንዲሠራ አድርገው አስገቡለት። አይጡ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ጂኑ ይነሳል። ካንሰሩ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። በወራት ውስጥም በሆድ ጀርባ በትልቁ የደም ሥር ዳር ወዳሉ ሊምፍ ኖዶች እና ወደ ሳንባ ይዛመታል። ትልቁ ጥቅሙ መከላከያው ያልተነካ መሆኑ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የነርቭ ሴል ጠባይ ይይዛል፤ አብዛኛው የሰው ፕሮስቴት ካንሰር ግን እንደዚያ አይደለም።

ውሻም አለ። ከቤት እንስሳት መካከል የፕሮስቴት ካንሰር በራሱ ጊዜ በብዛት የሚይዘው ውሻን ነው። ሲዛመት ከወገብ አጥንት ሥር ወዳሉት ሊምፍ ኖዶች ይሄዳል። እነሱ ሲያብጡ አንጀቱን ይጫኑታል። አንዳንዴ የውሻው ባለቤት መጀመሪያ የሚያየው ምልክት እንስሳው ለመጸዳዳት ሲያምጥ ነው። ግን ይህ ካንሰር የተኮላሹ ውሾችንም ይይዛል። የሰው ካንሰር በወንድ ሆርሞን እንደሚመገብ ቻርልስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቶ ኋላ በ1966 ኖቤል ተሸልሞበታል። የውሻው ካንሰር በዚህ በኩል ከሰው ይለያል።

ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከሁሉም የሚበልጠው አንድ ያረጀ አይጠመጎጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዊልሄልሚና ደኒንግ የተባለች ተመራማሪ ኮፐንሃገን በሚባል ዝርያ ውስጥ በራሱ ጊዜ የበቀለ የፕሮስቴት ዕጢ አገኘች። ዕጢው ከእንስሳ ወደ እንስሳ እየተተከለ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ዝርያው አንድ ስለሆነ መከላከያው እንደ ባዕድ ቆጥሮ አያባርረውም። ከጊዜ በኋላም ዕጢው ብዙ ልጆች፣ ማለትም ጠባያቸው የተለያየ ንዑስ ዓይነቶች፣ ወለደ። አንዱ ኤቲ-1 ይባላል። ፕሮስቴት ውስጥ በፍጥነት ያድጋል፤ ግን እምብዛም አይሰራጭም። ሌላው ማትላይሉ ይባላል። ይሄኛው ሊምፍ ኖድና ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያድር ነው፤ ስሙ ላይ ያሉት «ላይ» እና «ሉ» በእንግሊዝኛ ሊምፍንና ሳንባን የሚያመለክቱ ናቸው።

አያችሁ ዕድሉን? የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት እንስሳ ውስጥ፣ ሁለቱም ፕሮስቴት ውስጥ ይተከላሉ። አንዱ ጨካኝ ነው፣ አንዱ ከቤት የማይወጣ። መከላከያውም ሙሉ ነው።

በስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ተጠቀሙበት። ውጤታቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሁለቱን ዓይነት ሴሎች በአይጠመጎጦች ፕሮስቴት ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ካንሰሩ ገና ያልደረሰባቸውን ጎረቤት ሊምፍ ኖዶች አወጡ። የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩና የትኞቹ እንደተኙ መረመሩ። በረኞቹንም ቆጠሩ።

ጨካኙ ዕጢ ያለባቸው እንስሳት ሊምፍ ኖዶች ውስጥ በረኞቹ አንሰው ተገኙ። ካንሰር ሴል የለም። በእኔ አጻጻፍ «ነጻ» ናቸው። ግን በሩ ላይ ያሉት ተመናምነዋል። የጂኖቹም ሥራ ወደዚያው ይጠቁም ነበር፤ መከላከያው እየተጫነ፣ የተያዘውን ነገር ለሌሎች ሴሎች የማሳየቱ ሥራ እየቀዘቀዘ ነበር።

ቀጥለው ወደ ሰው ሄዱ። ከፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች የተወሰዱ ሊምፍ ኖዶችን በዚያው ቀለም አዩ። በረኞቹ ያነሱባቸው ሰዎች መጨረሻቸው የከፋ ሆኖ ተገኘ።

ያን ወረቀት ሳነብ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ስንት መስታወት አይቻለሁ? ስንቱ ላይ «ነጻ» ብያለሁ? ካንሰር ሴል ስፈልግ ዓይኔ ጠርዙን አልፎ ነበር የሚሄደው። መልሱ ያለበት ቦታ ላይ ቆሜ ሌላ ነገር እፈልግ ነበር።

አሁን ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው። ዕጢው እዚያ፣ ሊምፍ ኖዱ እዚህ። ሴል ሳይልክ እንዴት ይለውጠዋል?

መልሱ ፈሳሹ ውስጥ ነው። ዕጢ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። በተጨማሪም ከሴል በብዙ እጥፍ ያነሱ፣ በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ከረጢቶችን ይለቃል፤ ውስጣቸው የዕጢውን ፕሮቲንና የዘረመል መልእክት ይይዛሉ። ይህ ሁሉ በቀጥታ ደም ውስጥ ቢገባ በሊትር በሚቆጠር ደም ይቀጥናል። በሊምፍ ሲሄድ ግን ብዙም ሳይቀጥን በአጭር ቧንቧ የጎረቤቱ ሊምፍ ኖድ ላይ ይፈሳል። ቀንም ሌሊትም። መጀመሪያ የሚያገኘውም በረኞቹን ነው። ጎረቤቱ ከማንም በፊት የሚጎዳው ለዚህ ይመስለኛል።

በረኞቹ መቀነሳቸው ራሱ ጉዳት ያመጣል ወይስ ምልክት ብቻ ነው? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የስዊድኑ ጥናት ብቻውን አይመልሰውም። ፍንጭ የሚሰጠን ሌላ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሜላኖማ የሚባለውን የቆዳ ካንሰር አይጦች ላይ ተከታትሏል። በረኞቹ ዕጢው የሚልካቸውን ከረጢቶች ይይዙ ነበር። ዕጢው ሲያድግ የበረኞቹ መስመር ፈረሰ። ከረጢቶቹም ወደ ውስጥ ገብተው ቢ-ሴሎች የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች አገኙ። እነዚያ ሴሎች ደግሞ ዞረው ዕጢውን አገዙት። ስለዚህ ቢያንስ በአይጥ ሜላኖማ የበረኞቹ መኖር ለውጥ ያመጣል። በፕሮስቴት ላይም እንዲሁ ነው ብዬ ግን አልናገርም። ካንሰር ከካንሰር ይለያል።

ሌላም ብዙ የተደከመበት ነገር አለ፤ የሊምፍ ቧንቧዎቹ ራሳቸው። ዕጢዎች ቪኢጂኤፍ-ሲ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይህ ፕሮቲን አዳዲስ የሊምፍ ቧንቧ እንዲበቅል ያደርጋል። መንገዱን ብንዘጋ ካንሰሩ አይሄድም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንን ፈተኑት። ፒሲ-3 ሴሎች ፕሮቲኑን እንዳያመነጩ አደረጉ። አዲሶቹ ቧንቧዎች ከዕጢው ውስጥ ጠፉ። ካንሰሩ ግን ሊምፍ ኖድ ደረሰ። በዕጢው ዳር ድሮም የነበሩት ቧንቧዎች በቅተውታል። ሌሎች ቡድኖች በሌላ ሴልና በሌላ ዘዴ የዚህን ፕሮቲን መልእክት ሲያግዱ ደግሞ ስርጭቱ ቀንሶ አገኙት። ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። እኔ የምረዳው ቧንቧ መብዛቱ መንገዱን ያቀልላል፣ ግን ብቸኛው መንገድ አይደለም።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄ እንሂድ። ሊምፍ ኖድ ውስጥ የደረሰ ካንሰር እዚያው ያበቃል ወይስ ይቀጥላል? እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ከአሜሪካ ሌላው ከኦስትሪያ፣ በአንድ ሰሞን መልስ አመጡ። አይጦች ላይ፣ ሊምፍ ኖድ ውስጥ የደረሱ ካንሰር ሴሎች እዚያው ባሉ የደም ሥሮች ገብተው ሳንባ ሲደርሱ አዩ። ጥናቱ በጡትና በሌሎች ካንሰሮች እንጂ በፕሮስቴት አይደለም። ቢሆንም ሊምፍ ኖድ የመጨረሻ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን መሸጋገሪያም ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው ከአዳራሹ የተነሱ ጥያቄዎችና የሰጠኋቸው መልሶች ናቸው።

አንዲት እናት ተነሱና «ዶክተር፣ ባለቤቴ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ካበጠ ካንሰር ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

አይደለም እናቴ። ንፍፊት ከሚያብጥባቸው ምክንያቶች አብዛኛው ቁስልና ኢንፌክሽን ነው። ደግሞ የፕሮስቴት ሊምፍ ኖዶች ጥልቅ ውስጥ፣ ዳሌ ውስጥ ናቸው፤ በእጅ አይዳሰሱም። ሳምንታት ቆይቶ ካልጠፋ ወይም እያደገ ከሄደ ግን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይታይ። በተቃራኒው ያላበጠ ሊምፍ ኖድ ውስጥም ካንሰር ሊኖር ይችላል። ሲቲ ስካን በዋናነት የሚያየው መጠንን ስለሆነ ትንንሾቹ ያመልጡታል። አሁን ፒኤስኤምኤ ፔት የሚባል ምርመራ አለ፤ የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ላይ የሚገኝን ፕሮቲን ፈልጎ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ 302 ወንዶች ላይ በተሠራ ጥናት የዚህ ምርመራ ትክክለኛነት 92 በመቶ ነበር። የተለመደው ሲቲና የአጥንት ስካን 65 በመቶ።

አንድ ወጣት «ታዲያ ሊምፍ ኖዶቹ ይለወጣሉ ከተባለ ሁሉንም አውጥቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ሐሳቡ ይገባኛል። ማውጣቱ ካንሰሩ የት እንደደረሰ በትክክል ለማወቅ ይጠቅማል። ዕድሜ ለማስረዘሙ ግን ጠንካራ ማስረጃ የለም። ጉዳትም አለው፤ ሊምፍ ይጠራቀማል፣ እግር ሊያብጥ ይችላል። የእንስሳቱ ጥናት ለእኔ ሌላም ነገር ይነግረኛል። ሊምፍ ኖዱ ጠላት አይደለም። ዕጢው እያዳከመው ያለ መከላከያ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች አሁን የሚጠይቁት እንዴት እናውጣው ብለው ሳይሆን እንዴት እናበርታው ብለው ነው። ለአንድ ሰው ይውጣ አይውጣ የሚለው ግን እሱና ሐኪሙ የካንሰሩን ደረጃ አይተው የሚወስኑት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንዲት የሕክምና ተማሪ ነበር። «አሁን ‹ነጻ ነው› ብለው መጻፍ ትተዋል?»

አልተውኩም። ካንሰር ሴል ከሌለ መጻፍ ያለብኝ እሱን ነው፤ ለቀዶ ሐኪሙ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። በረኞቹን መቁጠር ገና የዕለት ተዕለት ምርመራ አልሆነም። በተለመደው ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ደግሞ በትክክል መቁጠር አይቻልም። ግን አሁን መስታወቱን ሳስቀምጥ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ጠርዙ ነው። ያንን ገርጣ ክፍተት ዙሪያውን እከተለዋለሁ። እጃቸውን የዘረጉትን ሴሎች ሳልፈልግ ወደሚቀጥለው መስታወት አላልፍም።